አሮጌው ላፕቶፕ እንዴት የቤተሰብ ማኅደር ይሆናል?

ስልካችሁን አውጡና ለአንድ ጥያቄ መልስ ስጡ። ይህ ስልክ ዛሬ ማታ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ወይም ገበያ ላይ ቢሰረቅ፣ ዳግም የማታገኙት ነገር ምንድን ነው?

ስልኩ ውድ ቢሆንም ይገዛል። ዘፈኑና ፊልሙ ከጓደኛ ይገኛል፣ ካልሆነም ሚሞሪ የሚጭነው ልጅ ጋ አለ። ግን አያታችሁ በአውንጊኛ ተረት ሲያወሩ የቀረጻችሁት ድምፅስ? ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አጎታችሁ ፈረሳቸውን ሸልመው ሲጋልቡ ያነሣችሁት ቪዲዮስ? እነዚህ የትም ሱቅ አይሸጡም። አያታችሁ ካለፉ ደግሞ ድጋሚ መቅረጽ የሚባል ነገር የለም።

ይህ ጽሑፍ እንደነዚህ ያሉ ፋይሎች እንዳይጠፉ ስለሚያደርግ ትንሽ የቤት ሰርቨር ነው። ሰርቨሩን እንዴት እንደምትሠሩት ብቻ ሳይሆን፣ ለምን እንዲህ ተደርጎ እንደሚሠራም እናያለን። ምክንያቱ ከገባችሁ ዕቃው ቢቀየርም መላው አይጠፋችሁም።

ለምሳሌ እንዲሆነን አዘና ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ቤቱ ውስጥ አራት ስልክ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ራውተርና ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አሉ። እንጅባራ ከተማ ደግሞ አክስት አሉ። አክስትየዋን አትርሱ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው።

ሰርቨር ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ሰርቨር ሲባል በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተደረደሩ፣ መብራት የሚያብለጨልጩ ትልልቅ ሣጥኖች ይታዩታል። እነሱም ሰርቨር ናቸው። ነገር ግን ሰርቨር የዕቃ ዓይነት ሳይሆን የሥራ ድርሻ ነው። ሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች «እስቲ ያንን ፋይል ስጠኝ» ሲሉት የሚሰጥ፣ «ይህን አስቀምጥልኝ» ሲሉት የሚያስቀምጥ ማንኛውም ኮምፒውተር ሰርቨር ነው።

የሰፈር ቦኖ ውኃን አስቡ። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ጉድጓድ አይቆፍርም፤ አንድ ቦታ ላይ ውኃ አለ፣ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል። የቤት ሰርቨርም እንደዚያው ነው። ፎቶው፣ መጽሐፉና ፊልሙ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በየስልኩ ይቀዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ራውተሩ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እርስ በርስ ያገናኛል፤ ይህ የቤት ውስጥ ኔትወርክ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መንገድ ነው። የውጭው መንገድ ቢዘጋ የቤቱ ውስጥ ይሠራል፤ የአስፋልቱ መንገድ ቢቆረጥ ከሳሎን ወደ ጓዳ መሄድ እንደማይከለከለው ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ፋይሉን በሙሉ «ደመና» ላይ ያስቀመጠ ሰው በሩ ተዘጋበት። በቤቱ ዲስክ ላይ ያስቀመጠው ግን ፎቶውን ማየት አላቆመም።

ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የቤት ቁጥር ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። ይህ ዓይነት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ስምምነት ለግል ኔትወርክ ብቻ የተተወ ነው። አዘና ያለው ቤትም ሆነ አዲስ አበባ ያለው ቤት አንድ ዓይነት ቁጥር ቢጠቀሙ አይጋጩም፤ ቁጥሩ ከቤቱ ውጭ ስለማይታይ። በየቤቱ «ጓዳ» የሚባል ክፍል ቢኖርም ማንም የሰው ጓዳ ገብቶ እንደማይሳሳተው ነው።

እስቲ እናስላ

ቤተሰቡ 200 ጊጋባይት ፎቶና ቪዲዮ አለው እንበል። ወደ ኢንተርኔት ለመላክ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢያገኝ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?

መጀመሪያ ባይትን ወደ ቢት እንለውጥ። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 200 ጊጋባይት ማለት 1600 ጊጋቢት ወይም 1,600,000 ሜጋቢት ነው። ይህን ለ2 ስናካፍል 800,000 ሰከንድ ይመጣል፤ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ 9 ቀን ከሩብ ማለት ነው። ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ተራ ራውተር ላይ ብንሰካውስ? የኬብሉ ፍጥነት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ስለሆነ 16,000 ሰከንድ፣ ማለትም አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

አሁን ደግሞ የሚያስቅ ስሌት እንሥራ። 1 ቴራባይት የሞላበት ሃርድ ዲስክ በቦርሳችሁ ይዛችሁ ከአዘና ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ተሳፈራችሁ። መኪናው እስኪሞላ መጠበቁን ጨምሮ 2 ሰዓት ፈጀ እንበል። 1 ቴራባይት 8,000,000 ሜጋቢት ነው። ለ7200 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ ከ1100 ሜጋቢት በላይ ይሆናል። ሚኒባሱ ከኢንተርኔቱ በ500 እጥፍ ይፈጥናል! ቀልድ አይደለም። ትልልቅ የምርምር ተቋማትና ኩባንያዎችም ዳታቸው ከመጠን በላይ ሲበዛ ዲስክ ጭነው በመኪና ይልካሉ። ይህን ሐሳብ ያዙት፤ ወደ አክስትየዋ ስንመጣ ይጠቅመናል።

ዲስኩ ውስጥ ምን አለ?

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስትይዙ በውስጡ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ክብ ሳሕኖች አሉ። ብዙዎቹ በደቂቃ 5400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ከሳሕኑ በላይ አንዲት ትንሽ ማንበቢያ ትንሳፈፋለች፤ ከሳሕኑ ያላት ርቀት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ብዙ አሥር ሺህ ናኖሜትር መሆኑን ስታስቡ ምን ያህል እንደተጠጋች ይገባችኋል።

ማንበቢያዋን የሚያንሳፍፋት ምንድን ነው? አየር! ሳሕኑ ሲሽከረከር አየሩን አብሮ ይጎትታል፤ ያ ቀጭን የአየር ንጣፍ ማንበቢያዋን ተሸክሞ ይይዛታል። ለዚህ ነው እየሠራ ያለ ሃርድ ዲስክ ሲወድቅ ወይም ሲንገጫገጭ ማንበቢያዋ ሳሕኑን ቧጥጣ ፋይሉን የምታጠፋው።

ነገሩ አየር ከሆነ ደግሞ ከፍታ ያስጨንቃል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3048 ሜትር ድረስ እንዲሠሩ ተብለው ነው የሚመረቱት። ስለዚህ በአዊ ደጋዎች ላይ ያለ ሥጋት ትጠቀማላችሁ። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ግን፣ ከ4500 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ይኸው ዲስክ ከተፈቀደለት ከፍታ ውጭ ይሆናል። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ዲስክ ደግሞ የሚንሳፈፍ ማንበቢያ ስለሌለው ይህ ጭንቀት የለበትም።

መብራት ሲሄድስ?

ለሰርቨር አሮጌ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል የምንለው በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው ባትሪው ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ዴስክቶፑ ድርግም ይላል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል። ባትሪው አርጅቶ 20 ደቂቃ ብቻ ቢይዝ እንኳ ሰርቨሩ የጀመረውን ሥራ ጨርሶ ራሱን በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ባትሪው ካበጠ አትጠቀሙበት፤ አትውጉት፣ አትጫኑት፣ በባለሙያ አስወጡት። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ሁለተኛው የፍጆታ ጉዳይ ነው። ሥራ ያልበዛበት ላፕቶፕ 20 ዋት ገደማ ይወስዳል። በቀን 0.48፣ በወር ደግሞ 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። 60 ዋት የሚፈጅ ዴስክቶፕ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። ራስበሪ ፓይ የምትባለዋ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ከትንሽ ዲስክ ጋር 8 ዋት ብትወስድ በወር ከ6 አትበልጥም። ለማነጻጸር ያህል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። እናታችሁ ለአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግሩበት የሚጨርሰው ኃይል ላፕቶፑን ከ7 ቀን በላይ ያሠራዋል። ሰርቨሩን ከምጣዱ ጋር በአንድ ኤክስቴንሽን አትሰኩ፤ ምጣዱ ሲበራ የቮልቴጁ መውረድ ዕቃችሁን ይጎዳል።

ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ። የራውተሩን ገመድ ጭምር። መብረቅ ሲወድቅ በመስመሩ ላይ የሚሄደውን ኃይል ተራ ስታቢላይዘር አይችለውም።

መብራት መሄዱ ፋይልን የሚጎዳው እንዴት ነው? ፋይል ሲጻፍ በአንድ ጊዜ አይጻፍም፤ ይዘቱ አንድ ቦታ፣ ስሙና አድራሻው ሌላ ቦታ ይሰፍራል። መሐል ላይ ከተቋረጠ መዝገቡ ይዘበራረቃል። ዘመናዊ የፋይል ሥርዓቶች፣ ለምሳሌ የሊኑክሱ ኢ ኤክስ ቲ 4 እና የዊንዶውሱ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ፣ የጥንቁቅ ባለሱቅ ዘዴ ይጠቀማሉ። ባለሱቁ ዕቃውን ከማንሣቱ በፊት «ይህን ከዚህ ወደዚያ ላዞር ነው» ብሎ በደብተሩ ይጽፋል። መሐል ላይ ቢቋረጥ ሲመለስ ደብተሩን አይቶ ይጨርሰዋል ወይም ይሰርዘዋል። ብዙ ፍላሽ ላይ የምታገኙት ፋት 32 ይህ ደብተር የለውም። በዚያ ላይ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም።

ሁለት ዲስክ ካለኝ አበቃ?

እዚህ ጋ ትንሽ ፕሮባቢሊቲ እንሥራ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት ከ100 ሺህ በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትሎ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚበላሹት፣ እንደ ዕድሜያቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከ1.7 በመቶ ተነሥቶ ሦስት ዓመት በሞላቸው ላይ ከ8.6 በመቶ በላይ ደርሷል። እኛ መሐሉን ይዘን 5 በመቶ እንበል፤ ከ20 ዲስክ 1 ማለት ነው።

አንድ ቅጂ ብቻ ካላችሁ የመጥፋት ዕድሉ በዓመት ከ20 አንድ ነው። በሁለት ዲስክ ላይ ካስቀመጣችሁ ሁለቱም በአንድ ዓመት የመበላሸት ዕድላቸው 1/20 ሲባዛ በ1/20፣ ማለትም ከ400 አንድ ይሆናል። ሦስት ከሆኑ ከ8000 አንድ። አንዱ እንደተበላሸ ወዲያው ከተካችሁት ዕድሉ ከዚህም ያንሳል። ደስ አይልም?

ቆይ ግን። ይህ ማባዛት የሚሠራው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው። ክስተቶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ መሆን አለባቸው። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሶኬት ከተሰኩ ነጻ አይደሉም። ሌባ ከመጣ ሁለቱንም ይወስዳል። መብረቅም፣ እሳትም፣ ከጣሪያ የሚያፈስ ውኃም አይመርጥም። በወረቀት ላይ ከ400 አንድ ያልነው እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም።

ሬይድ የሚባለውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን እንደ አንድ አስተማማኝ ዲስክ እንዴት ማሠራት እንደሚቻል ጻፉ። አንዱ ዘዴ መስታወት ነው፤ በአንዱ ላይ የተጻፈው ወዲያው በሌላውም ላይ ይጻፋል። ሌላው ዘዴ እንደ ድምር ነው። በመጀመሪያው ዲስክ 7፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው ድምራቸውን 12 ጻፉ። አንዱ ቢጠፋ ከቀሩት ሁለት ታገኙታላችሁ፤ 12 ሲቀነስ 7፣ 5! ኮምፒውተሩ የሚጠቀመው ስሌት ትንሽ ይለያል፣ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

ግልጽ መሆን ያለበት ነገር፣ ሬይድ ባክአፕ አይደለም። ታናሽ ወንድማችሁ ፎልደሩን በስሕተት ቢያጠፋው መስታወቱም ታዝዞ ወዲያው ያጠፋዋል። ቫይረስ ቢገባም ሁለቱም ይያዛሉ። ሬይድ የሚያድነው ከዲስክ መበላሸት ብቻ ነው፤ ከሰው ስሕተት አያድንም።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሠራ ባክአፕ

ነጻ የሆኑ ቅጂዎች ምን ማለት እንደሆኑ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ብራናዎች እየተሰበሰቡ በፊልም ተነሡ። በቀጣዮቹ ሁለት አሥርተ ዓመታት ከ9000 በላይ ብራናዎች ተቀድተዋል። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተላከ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው የእያንዳንዱን ብራና ይዘት እያነበቡ ዘረዘሩ።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። ከዚህ ሥራ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ቅጂው ከዋናው በዓይነት ይለያል፤ ዋናው ብራና፣ ቅጂው ፊልም። ብል ብራናን ቢበላ ፊልሙን አያገኘውም። ሁለተኛ፣ ቅጂዎቹ በሁለት አህጉር ላይ ናቸው። አዲስ አበባን የሚያገኝ እሳት ሚኒሶታን አያገኝም። ሦስተኛ፣ ዝርዝር ተሠርቶለታል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ክምችት ከጠፋ ብዙ አይለይም።

ዛሬ የኮምፒውተር ሰዎች 3-2-1 የሚሉት ሕግ ይኸው ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

አክስትየዋ የገቡት እዚህ ላይ ነው። በአዘናው ቤት አንደኛው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ነው። ሁለተኛው በሳምንት አንዴ ብቻ ተሰክቶ ተመልሶ ሣጥን ውስጥ የሚቆለፈው ዲስክ ላይ ነው። ሦስተኛው እንጅባራ አክስት ቤት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አንዱ ዲስክ በሚኒባስ ይሄዳል፣ ሌላው ይመለሳል። ሚኒሶታ አያስፈልጋችሁም፤ የሚያስፈልገው ሌላ ጣሪያና ሌላ የመብራት መስመር ነው።

«ጉግል ወይም ሌላ ደመና ላይ ካለኝስ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ተጨማሪ ቅጂ ነው። ደመና ግን የሌላ ሰው ኮምፒውተር መሆኑን አትርሱ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦ ቪ ኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል በእሳት ሲወድም፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች ዳታቸው በዚያው ቀረ።

ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር ኩባንያ ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን ፊልም እየሠራ ሳለ፣ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የፊልሙን ፋይሎች አብዛኛውን ክፍል አጠፋ። «ባክአፕ አለን» አሉ። ሲከፍቱት ባክአፑ በትክክል አልተቀዳም። ፊልሙን ያተረፈው በዚያን ሰሞን ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ የነበረች ባለሙያ፣ ጋሊን ሱስማን፣ በቤቷ ኮምፒውተር ላይ የያዘችው ቅጂ ነው። የዓለም ታዋቂ ኩባንያን ያዳነው የቤት ኮምፒውተር ነበር!

ስለዚህ በወር አንድ ቀን አንድ ፋይል ምረጡና ከባክአፑ ላይ አውጥታችሁ ክፈቱት። ከተከፈተ ባክአፕ አላችሁ። ካልተከፈተ ያላችሁ ተስፋ ብቻ ነው።

ፋይሉ መከፈቱ ብቻ ሳይሆን አለመለወጡን ማወቅ ከፈለጋችሁ የፋይል አሻራ የሚባል ዘዴ አለ። ኤስ ኤች ኤ 256 የተባለው ስሌት ማንኛውንም ፋይል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ወደ 64 ፊደልና ቁጥር ይለውጠዋል። በሁለት ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ዛሬ አሻራውን ጻፉ፤ ከዓመት በኋላ ድጋሚ አስሉ፤ አንድ ዓይነት ከሆነ ፋይሉ እንዳለ ነው። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ ቃል ቢዘል የሚያርመው ሌላ ዓይን ያስፈልገው ነበር፤ ይህ ስሌት ያ ዓይን ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ገበያ ላይ በጣም በርካሽ «2 ቴራ» ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ውሸት ነው። ውስጡ 32 ጊጋባይት ሆኖ ኮምፒውተሩን እንዲዋሽ ተደርጓል። የሚሞላ ይመስላል፣ ፋይሎቹ ግን የሉም። ከመተማመናችሁ በፊት ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ ወይም ኤፍ ስሪ በሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች እስከ አፉ ሙሉትና መርምሩት።

እሺ፣ እንሥራው

መጀመሪያ ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ቅዱ። ቀጥሎ ዴቢያን ሊኑክስን ጫኑበት፤ ነጻ ነው፣ በአሮጌ ዕቃ ላይም ይሠራል። ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኩት፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሴቲንጉን ቀይሩ፣ አየር በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ አኑሩት። ራውተሩ ለላፕቶፑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር እንዲሰጠው አድርጉ፤ አለበለዚያ ስልኮቹ በየጊዜው ያጡታል።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ጥቂት ናቸው። ሳምባ ፎልደሩን ለዊንዶውስም ለስልክም ክፍት ያደርገዋል። ሲንክቲንግ ስልካችሁ ዋይፋይ ሲያገኝ አዲሶቹን ፎቶዎች በራሱ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። አርሲንክ ወደ ባክአፕ ዲስኩ ይገለብጣል። አርሲንክን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ ናቸው፤ ብልሃቱ ሁሉን እንደገና አለመገልበጡ ነው። የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ይወስዳል። የመጀመሪያው ግልበጣ ሰዓታት ቢፈጅ የሚቀጥለው ደቂቃዎች ይበቁታል።

ጄሊፊን ደግሞ ቪዲዮውንና ሙዚቃውን እንደ ቤት ቴሌቪዥን ጣቢያ ያሳያል። አንድ ጥርት ያለ ፊልም በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ስለሚበቃው ለአራት ስልክ ዋይፋዩ አያንስም። የሚያስቸግረው ስልኩ የቪዲዮውን ዓይነት ሳያውቀው ሲቀር ነው። ያኔ ሰርቨሩ እያጫወተ መተርጎም አለበት፣ አሮጌው ላፕቶፕም ያልበዋል። ቪዲዮዎቻችሁን ሁሉም ስልክ በሚያውቀው ኤች 264 ካስቀመጣችሁ ይህ አይገጥማችሁም።

ኪዊክስንም ጫኑ። ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። የአማርኛው ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፤ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። አንዴ ከአንድ ቦታ ካመጣችሁት የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ዋይፋዩን ይዞ ሊያነብ ይችላል።

በመጨረሻ፣ ሰርቨሩን ለውጭው ኢንተርኔት አትክፈቱ። ጠንካራ የይለፍ ቃል ስጡት፤ ቃሉንም በወረቀት ጽፋችሁ ወላጆቻችሁ ዘንድ አስቀምጡ። የሰው ፎቶና ድምፅ ከማስቀመጣችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። አያታችሁን ጨምሮ፤ ተረቱ የእሳቸው ነው።

ዛሬ ማታ

ላፕቶፕ ከሌላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ነገር ዕቃው ሳይሆን የማይመለሰውን ከሚመለሰው መለየት ነው። ፊልሙን ተዉት። የማይተኩ አሥር ፋይሎችን ምረጡ፤ ለእያንዳንዱ ስም ስጡ። «ድምፅ 0043» ከማለት ይልቅ የተናጋሪውን ስም፣ ቋንቋውን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ደግሞ በሌላ ቤት በሚኖር ዘመድ ስልክ ላይ አኑሩ። ይኸው 3-2-1 ጀመራችሁ።

አውንጊኛ በኢንተርኔት ላይ ብዙ ድምፅና ጽሑፍ የለውም። የነገ ተመራማሪ አያቶች እንዴት ያወሩ እንደነበር ሲፈልግ፣ የሚያገኘው ምናልባት አዘና ውስጥ አንድ ተማሪ በስሟና በቀኗ አድርጋ በሦስት ቦታ ያስቀመጠችውን ፋይል ይሆናል። ቅጂው አንድ ብቻ ከሆነ ግን ስልኳ ውኃ ውስጥ የወደቀ ቀን እሱም አብሮ ይሄዳል።